አማርኛን ኢንተርኔት ላይ ያወጡት ትናንሽ ስክሪፕቶች

የዛሬው ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ፣ የሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ አንብቡት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛ ሲሆን ለይቼ እነግራችኋለሁ።

በላቲን ፊደል ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ስትጫኑ «ሰላም» ብሎ የሚያወጣላችሁ ኪቦርድ ስልካችሁ ላይ ካለ፣ ብዙዎቻችሁ ይህን ነገር ጉግል ወይም ሳምሰንግ ያሰበው ይመስላችኋል። ክፍል ውስጥ በጠየቅሁ ቁጥር የማገኘው መልስ ይኸው ነው። ሐሳቡ ግን ከስማርት ስልክ በፊት የነበረ ነው። የሠሩትም ደመወዝ የማይከፈላቸው ጥቂት ሰዎች ናቸው። አማርኛን ለአንባቢ ያደረሱበት ዋናው መሣሪያም ዛሬ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ነገር ነው፦ ሰርቨር ላይ የሚሮጥ ትንሽ ስክሪፕት።

ስክሪፕት ሰርቨር ላይ ይሮጣል ሲባል ምን ማለት እንደሆነ በኛው ሰፈር ምሳሌ ላስረዳ። ሽሮ ሜዳ ቀሚስ ልትገዙ ስትሄዱ ሁለት መንገድ አላችሁ። አንደኛው ተሰፍቶ የተሰቀለውን አውርዶ መሄድ ነው፤ ዛሬ የመጣም ነገ የመጣም ያንኑ ያገኛል። ሁለተኛው ልክ አስለክቶ ማሰፋት ነው፤ ልብስ ሰፊው እናንተ እስክትመጡ ምንም አልቆረጠም፣ ስትመጡ ግን በእናንተ ልክ ይሰፋል። የመጀመሪያዎቹ ድረ ገጾች በአብዛኛው የተሰቀለ ቀሚስ ነበሩ። ሰርቨሩ ፋይሉን ከዲስክ ያነሣል፣ ይልካል፣ በቃ።

ልብስ ሰፊው የመጣው በ1993 ነው። አሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ኤንሲኤስኤ የሚባለው ማዕከል ሲጂአይ የሚባል አሠራር አወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው። ጥያቄ ሲመጣ ሰርቨሩ ፋይል ከማንሣት ይልቅ አንድ ፕሮግራም ያስነሣል። ፕሮግራሙ የተጠየቀውን ያነባል፣ መልሱን ይጽፋል፣ ይሞታል። የጻፈው ነገር እንዳለ ለጠያቂው ይላካል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የሚልከው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ በአንድ መስመር ይናገራል፣ ከዚያ አንድ ባዶ መስመር ይተዋል፣ ከዚያ ገጹን ይጽፋል። ያችን ባዶ መስመር የረሳ ሰው የሚያገኘው ቁጥር 500 የሚል የስሕተት ገጽ ነው። ፋይሉ እንዲሮጥ ፈቃድ ያልሰጠም የስሕተት ገጽ ያገኛል። የዚያን ዘመን ሰዎች ስንት ሌሊት በዚህች ቁጥር እንዳሳለፉ እነሱ ይንገሯችሁ።

ስክሪፕቶቹ በብዛት የሚጻፉት በፐርል ነበር። ፐርል በ1987 የወጣ፣ ጽሑፍ ለመበለትና መልሶ ለመገጣጠም የተመቸ ቋንቋ ነው። ለፕሮግራም ጀማሪ ሁሉ ትልቁ ምንጭ የነበረው በ1995 ማት ራይት የሚባል ልጅ ያወጣው የነፃ ስክሪፕት ክምችት ነው። የጎብኚ መቁጠሪያ፣ የእንግዳ መዝገብ፣ ቅጽ ተሞልቶ በኢሜይል የሚላክበት ስክሪፕት። ልጁ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ልድገመው፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ። (የኢሜይል ስክሪፕቱ በኋላ ቀዳዳ ተገኝቶበት የዓለም አጭበርባሪ ሁሉ ማስታወቂያ መላኪያ አድርጎታል፤ ይህም የታሪኩ አካል ነው።) ዛሬ ብዙ ድረ ገጽ የሚሮጥበት ፒኤችፒም አጀማመሩ ይኸው ነው፤ ራስመስ ሌርዶርፍ በ1994 የግል ገጹን ማን እንዳየለት ለማወቅ የጻፋቸው ትናንሽ የሲጂአይ ፕሮግራሞች ናቸው ያደጉት።

ወደኛ እንምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ከኢንተርኔት በፊት ኢሜይል ነበር። በኢሲኤ ሥር የነበረው ፓዲስ በፊዶኔት በኩል ደብዳቤ ያመላልስ ነበር፤ የተጠራቀመው መልእክት በስልክ ጥሪ በአንድ ጊዜ ይላካል፣ የመጣውም በዚያው ይወርዳል። ሙሉ ኢንተርኔት የገባው በጥር 1997፣ በኛ 1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያስገባውም በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ይባል የነበረው ቴሌ ነው። ስለዚህ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስለ አማርኛና ኮምፒውተር የሚጨቃጨቁት ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ያላቸው ነበሩ። የሚጨቃጨቁትም በላቲን ፊደል በተጻፈ አማርኛ ነበር፤ አንዱ «ጸሐይ»ን በቲና ኤስ ይጽፋል፣ ሌላው በኤስ ብቻ፣ ሦስተኛው በዜድ። የዛሬው ቴሌግራማችን ማለት ነው!

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። በኮምፒውተር አማርኛ መተየብ ያኔም ይቻል ነበር። እነ ዶክተር አበራ ሞላና ፍስሐ አጥላው በ1980ዎቹ ውስጥ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ሠርተዋል። (ማን ቀደመ የሚለውን ጭቅጭቅ ኮሜንት ላይ እንዳታመጡብኝ፣ እለምናችኋለሁ።) ያ ሁሉ ግን ወረቀት ላይ ለማተም ነው። ወረቀት ላይ ከታተመ በኋላ ፊደሉ ፊደል ነው፣ ማንም ያነበዋል። ችግሩ የሚመጣው ጽሑፉ ራሱ ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ማሽን ሲሄድ ነው።

ምክንያቱ ቁጥር ነው። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፣ ቁጥር ነው የሚያውቀው። የዚያን ጊዜ አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለትእዛዝ የተያዘ ነው። የኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ነው። ላይ ሏ፣ ቋ፣ ጓ እና የመሳሰሉትን፣ አኃዞቹንና ነጥቦቹን ጨምሩ። አይበቃም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፎንት ሠሪ የራሱን መላ መታ። አንዱ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ከፈለው፤ ሌላው የፊደሉን ገላ አንድ ቦታ፣ ቅጥያውን ሌላ ቦታ አድርጎ ሁለቱን ገጣጠመ። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ፣ ሌሎችም፤ ሁሉም የየራሱ ቁጥር አለው። በአንዱ «መ» የሆነው ቁጥር በሌላው «ጨ» ሊሆን ይችላል፤ ፎንቱ ከሌላችሁ ደግሞ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው የሚታያችሁ። የግዕዝ ፊደልን በየቤቱ በየራሱ ቅደም ተከተል እንዳስተማርን አስቡት።

ታዲያ አማርኛ ድረ ገጽ እንዴት ይሠራ? አንዱ መንገድ ጽሑፉን ፎቶ አድርጎ መለጠፍ ነበር፤ ብዙዎችም ያደርጉት ነበር። በዚያን ጊዜ 28.8 ኪሎ ቢት ሞደም የያዘ ሰው፣ መስመሩ ፍጹም ቢሆን፣ በሰከንድ የሚያወርደው 3,600 ባይት ነው። 70 ሺህ ባይት የሚመዝን የአንድ ገጽ ምስል 20 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ያው ገጽ ጽሑፍ ሆኖ ቢመጣ ከሁለት ሰከንድ አያልፍም። ደቂቃው በገንዘብ ለሚቆጠርበት ሰው ይህ ልዩነት ማንበብና አለማንበብ ነው። ደግሞ ፎቶ ውስጥ ያለን ቃል መፈለግ አይቻልም፣ መቅዳት አይቻልም።

ሌላውን መንገድ ያመጡት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ናቸው። መጀመሪያ ስምምነት አወጡ። ስሙ ሴራ ነው። በአማርኛ ደስ የማይል ትርጉም ቢኖረውም በእንግሊዝኛ የግዕዝ ፊደልን በአስኪ መወከያ ሥርዓት የሚለው ምኅጻር ነው። አስኪ ማለት የትም ኮምፒውተር ላይ የማይበላሹት 128 መሠረታዊ ምልክቶች ናቸው። ሴራ የሚለው ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ግዕዝ ፊደል በማያሻማ አንድ መንገድ በላቲን ይጻፍ። ትንሹ ቲ «ት» ነው፣ ትልቁ ቲ «ጥ»። ትንሹ ሲ «ች»፣ ትልቁ «ጭ»። ኤክስ «ሽ» ነው። ትንሹ ኢ ግዕዝን ያመለክታል፣ ትልቁ ኢ ኃምስን፤ ስለዚህ «ቤት» ለመጻፍ ቢ፣ ትልቁ ኢ፣ ቲ። አናባቢ ከሌለው ሳድስ ነው። እነ «ሥ»ና «ፅ»ም የራሳቸው ምልክት ስላላቸው አይጠፉም። ነገሩ ያማረው ለሰውም ለማሽንም በመመቸቱ ነው። ጃፓናዊው ታካሃሺ ናኦቶ ይህንኑ ወስዶ ኢማክስ በሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ውስጥ አስገብቶታል፤ ጃፓን ላይ የተቀመጠ ሰው ለኛ ፊደል ይህን ያህል መልፋቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ቀጥሎ ልብስ ሰፊው መጣ። ዳንኤል ያዕቆብ ሊብኤት የሚባል የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት፣ በላዩም ላይቭ ግዕዝ የሚባሉ የፐርል ስክሪፕቶች ጻፈ። ጽሑፉ ሰርቨር ላይ በሴራ ይቀመጣል። አንባቢው ሲመጣ «እኔ ማሽን ላይ ያለው ፎንት ይህ ነው» ብሎ ይመርጣል። ስክሪፕቱ ይነሣል፣ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ያነባል፣ እያንዳንዱን ፊደል ወደዚያ ሰው ፎንት ቁጥር ይለውጣል፣ ገጹን ይልካል፣ ይሞታል። ቀጣዩ ሰው ሌላ ፎንት ካለው በሌላ ልክ ይሰፋለታል። አንድ ጽሑፍ፣ ብዙ ልክ። የአንባቢው ኮምፒውተር ስለ አማርኛ ምንም ማወቅ አይጠበቅበትም፤ የሚያውቀው ሰርቨሩ ነው። ለእኔ ከዚህ የበለጠ የሲጂአይ አጠቃቀም በየትም አገር አልታየም ብዬ ነው የምከራከረው፤ ሌላው ዓለም ጎብኚ ሲቆጥርበት የኛ ሰዎች ፊደል አዳኑበት።

ሥራው ውስጡ ምን እንደሚመስል ማየት ለምትፈልጉ፣ ቀላሉን በዩኒኮድ ላሳያችሁ። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደል ሁሉ አንድ ቁጥር የሚሰጥ ስምምነት ሲሆን የኛ ፊደል የገባው በሦስተኛው እትም፣ በመስከረም 1999 ነው፤ ያኔ 345 ምልክት ገባ። «ሀ» ቁጥሩ 4608 ነው። እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ 8 ቦታ ተሰጥቶታል፣ ሰባቱ ለሰባቱ፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» ላሉት። ስለዚህ «ለ» 4616፣ «ሐ» 4624፣ «መ» 4632 እያለ ይሄዳል። «ሰ» 4656 ነው። «ላ» የ«ለ» ራብዕ ስለሆነ 4616 ላይ 3 ደምሩ፣ 4619። «ም» ሳድስ ስለሆነ 4632 ላይ 5፣ 4637። አለቀ፣ «ሰላም» ጻፋችሁ። ፊደል ገበታው በግድግዳ ላይ እንደተሰቀለው ሆኖ ነው ኮምፒውተር ውስጥ የገባው። ረድፉን አግኝ፣ አምዱን ደምር። ይህን ደብተር ላይ ማስላት የቻለ ተማሪ ስክሪፕቱን ለመጻፍ የቀረው ትንሽ ነው።

ዩኒኮድ በ1999 ወጣ ማለት ግን ሰው በ1999 አነበበ ማለት አይደለም። ማይክሮሶፍት ኒያላ የሚባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያወጣው በ2007 መጀመሪያ ነው። አዲሱ ገበያ አካባቢ ኢንተርኔት ካፌ የምንቀመጥ የኔ እኩዮች የምናስታውሰው ሳጥን ነው፦ አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን፣ አራት ነጥብ፣ አራት ማዕዘን። ስለዚህ ከ1999 በኋላም ለዓመታት ለአንባቢው የሚመች መንገድ ያው ሰርቨር ላይ የሚለውጠው ስክሪፕት ነበር። ድልድይ ሲባል እንደዚህ ነው፤ ወንዙ እስኪሞላ ድረስ ነው የምትፈልገው፣ ከዚያ ከነመኖሩ ትረሳዋለህ።

የአኃዙ ነገር ሳይነሣ አያልፍም። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ስለዚህ 1997ን ወደ ፲፱፻፺፯ መለወጥ እንደ ፊደሉ በቀጥታ መተካት አይደለም። ዳንኤል ያዕቆብ ይህንንም በትንሽ የፐርል ሞጁል ሠርቶታል። ስልቱ ቁጥሩን ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አድርጎ መክፈል ነው፦ 19 እና 97። ከቀኝ ሁለተኛው ጥንድ ፻ ይከተለዋል፣ ሦስተኛው ፼፣ አራተኛው እንደገና ፻፣ እየተፈራረቀ ይሄዳል። 2000 ሲሆን 20 እና 00፣ ባዶው ይጣላል፣ ፳፻። 100 ሲሆን አንዱ ራሱ ይጣላል፣ ፻ ብቻ። ሚሊዮን ፻፼ ነው። ዛሬ ይህ ስሌት በድረ ገጽ ቅርጽ ቋንቋ በሲኤስኤስ ደንብ ውስጥ ተጽፏል፤ ዝርዝራችሁ በግዕዝ ቁጥር ይቆጠር ብላችሁ አንድ ቃል ብታዙ ብራውዘራችሁ ራሱ ይቆጥራል። በሰርቨር ይሠራ የነበረው ሥራ እጃችሁ ላይ ወረደ ማለት ነው።

የቀን መቁጠሪያውም ታሪክ እንደዚሁ ነው። እዚህ ላይ እስካሁን «8 ቀንስ» ብሎ የሚያልፍ ፕሮግራም ስንቱን የልደት ቀን እንዳበላሸ እናውቃለን። ከመስከረማችን አንሥቶ እስከ ፈረንጅ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ 8። ዓመቱን ለ4 ስታካፍሉ 3 ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜን 6 ይሆናል፣ የሚቀጥለው መስከረም 1ም በሴፕቴምበር 12 ይውላል። 1999 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ለዚህ ነው ሚሌኒየማችንን በሴፕቴምበር 12፣ 2007 ያከበርነው። ይህን የሚያሰላ የፐርል ሞጁልም ያው ሰው ጽፏል፤ ፈልጋችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ የፐርል ክምችት በሆነው ሲፓን ላይ ዛሬም አለ።

ሳይለቅ የቀረ አንድ ችግር ግን አለ፤ እሱ ነው ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ። ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደሎች ጉዳይ። «ኃይለማርያም»፣ «ሀይለማርያም»፣ «ኀይለማሪያም» ለኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ሰው ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪ፣ ስሙንም ትምህርት ቤቱንም አልጠራም፣ ትራንስክሪፕት ሊያወጣ ሄዶ «ስምህ ሲስተም ላይ የለም» ተብሎ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ስሙ ነበረ። መዝጋቢዋ በሃሌታው «ሀ» አስገብታዋለች፣ ፈላጊዋ በብዙኀኑ «ኀ» ትፈልጋለች። ሁለቱም አላጠፉም። ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት «ሐ»ንና «ኀ»ን ወደ «ሀ»፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ዐ»ን ወደ «አ»፣ «ፀ»ን ወደ «ጸ» ከነቤተሰባቸው የሚያመጣ ስክሪፕት ቢኖር ኖሮ በአንድ ሰከንድ ይገኝ ነበር። የስሙ አጻጻፍ ሳይነካ፣ ለፍለጋ ብቻ። ይህም አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ አማርኛን በድምፁ የሚያዛምድ ሞጁል በዚያው ሲፓን ላይ ተቀምጧል። ከላይ ያሳየኋችሁን የቁጥር ድርድር ከያዛችሁ ደግሞ ራሳችሁ በአንድ ከሰዓት ትጽፉታላችሁ። ስም ተመዝግቦ የሚፈለግበት ቦታ ምን ያህል እንደሆነ አስቡት፦ ክሊኒክ፣ ወረዳ፣ ባንክ፣ ፈተና።

እና አሁን ልመናዬ። በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በሌሎቹ የተጻፉ ፋይሎች አሁንም በየቤቱ አሉ። የትምህርት ቤት መጽሔት፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የአባት ግጥም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ። ፎንቱ ከሌለ ሲከፈቱ ዝብርቅርቅ ስለሚሉ ሰው «ቫይረስ በልቶታል» ብሎ ይሰርዛቸዋል። ቫይረስ አይደለም። ቁጥሩ በሙሉ እዚያው ውስጥ አለ፣ የጠፋው ሠንጠረዡ ነው። አሮጌ ሲዲ ወይም ፍላሽ ላይ እንዲህ ያለ ፋይል ካላችሁ አትሰርዙት። በየትኛው ፕሮግራም እንደተጻፈ ካወቃችሁ ንገሩኝ፣ የታተመ ወረቀቱ ካለ አንድ ገጽ ፎቶ አንሡልኝ፤ ወረቀቱንና ፋይሉን ጎን ለጎን አድርጎ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ ማውጣት ይቻላል። ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ሠንጠረዡን እየሞላን ነው። እስካሁን የአንድ ፎንት ተገባዷል፤ «ጰ» እና «ፐ» ግን የሚገኙበት ገጽ አጥተን ቆመናል። «ጳጉሜን» ወይም «ጴንጤ» የሚል የተጻፈበት ያለው ሰው በውስጥ መስመር ይላክልኝ።